«ኢሚዩኒቲ ይጨምራል»፦ ሆዳችን የሚፈልገው ጉልበት ነው ወይስ ፍሬን?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጎራ ያለ ሰው፣ ወይም ማታ ላይ ቴሌግራሙን የከፈተ፣ አንድ ማስታወቂያ አያመልጠውም፦ «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል»። ዱቄቱም፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱም፣ ማሩም፣ ከውጭ የገባው ቫይታሚንም በዚሁ ቃል ይሸጣል። ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ ዋና ደንበኛ ነው። ጨጓራዬ አለ፣ ሆዴን ነፋኝ አለ፣ ተቅማጡ አልቆመልኝም አለ፣ መልሱ አንድ ነው፦ «መከላከያህ ደክሞ ነው፣ እሱን ከፍ አድርገው»።

ይህ አባባል በኮሮና ጊዜ በደንብ ሥር ሰደደ። በዚያው በ2020 ግን ሌላም ነገር ስንሰማ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጽኑ የታመሙትን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ልክ ያለፈው የራሳቸው መከላከያ ጭምር እንደሆነ ሐኪሞች ይናገሩ ነበር። «የሳይቶካይን ማዕበል» የሚለው አነጋገር ያኔ ነው ከዜና ወደ ሰፈር ወሬ የወረደው። ሁለቱ አባባሎች አብረው አይሄዱም። መከላከያን ማብዛት ሁልጊዜ ጥሩ ከሆነ፣ መከላከያው ራሱ እንዴት ሰው ይጎዳል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጡት ስማቸው እምብዛም የማይነሳ ፕሮቲኖች ናቸው። ሶክስ ይባላሉ። ሥራቸው የሳይቶካይንን መልእክት መግታት ነው። የእነሱን አሠራር የተረዳ ሰው ስለ ሆድ ሕመም የሚነገረውን ብዙ ነገር በሌላ ዓይን ያያል ብዬ አምናለሁ።

መልእክቱ እንዴት ይደርሳል?

ሳይቶካይኖች ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ሴል ጀርም ሲያጋጥመው ይለቃቸዋል፣ ሌላው ይቀበላቸዋል። ኢንተርፌሮን ጋማና ቲኤንኤፍ የሚባሉት «ተነሱ» የሚሉ ናቸው። ኢንተርሉኪን-10 «በቃ፣ ረጋ በሉ» ይላል። ኢንተርሉኪን-22 የአንጀት ሽፋን ቁስሉን እንዲደፍን ያዛል። ኢንተርሉኪን-6 እንደ ቦታው ያቆጣልም፣ ይጠግናልም። «ተነሱ» የሚለው ወገን ሲያይል የሚከተለው መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና ሕመም ብግነት ይባላል። ብግነት በልኩ ሲሆን ያድናል። ሳይቆም ሲቀር ነው በሽታ የሚሆነው።

ሳይቶካይኑ ራሱ ወደ ሴሉ ውስጥ አይገባም። ሴሉ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ከብዙዎቹ ሳይቶካይኖች ተቀባይ ሥር ጃክ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ አራት ዓይነት ናቸው። እነሱ ሲነቁ ስታት በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፋሉ። ስታቶች ደግሞ ሰባት ናቸው። ፎስፌት የተለጠፈበት ስታት ወደ ሴሉ ማዕከል፣ ወደ ኒውክለስ ይገባና ጂኖችን ያስነሳል። ጂን ማለት የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ነው። ተቀባዩ ከተነካ እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ራሱን የሚገታ ትእዛዝ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ስታት ከሚያስነሳቸው ጂኖች መካከል የሶክስ ጂኖች ይገኙበታል። «ተነሱ» የሚለው ትእዛዝ የራሱን ማቆሚያም አብሮ ያመርታል ማለት ነው።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በደንገጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። እዚያ መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ሞተር ጉልበት ማንንም አያስጨንቅም። ሾፌሩ ደጋግሞ የሚፈትሸው ፍሬኑን ነው። ሶክስን ከዚህ በኋላ ፍሬን የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1997 ሦስት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ከአውስትራሊያ ሜልበርን፣ ሁለቱ ከጃፓን፣ በየፊናቸው ሲሠሩ ቆይተው አንድ ፕሮቲን ላይ ደረሱ። ዛሬ ሶክስ1 የምንለው እሱ ነው። ቤተሰቡ በጠቅላላ ስምንት አባላት አሉት፤ ሲአይኤስ የሚባለውና ከሶክስ1 እስከ ሶክስ7 ያሉት።

የሚገቱበት መንገድ አንድ አይደለም። ሶክስ1 እና ሶክስ3 የጃክን ሥራ በቀጥታ ያግዳሉ። ሲአይኤስ ስታት የሚያርፍበትን የተቀባይ ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ከዚህ ሌላ ሁሉም የቤተሰቡ አባላት ጫፋቸው ላይ አንድ የጋራ ክፍል አላቸው። በዚያ ክፍል አማካይነት የያዙትን ፕሮቲን «ይወገድ» የሚል ምልክት ያስለጥፉበታል፤ ሴሉም ፈጭቶ ያስወግደዋል። ፍሬኖቹ ራሳቸው ዕድሜያቸው አጭር ነው። መልእክቱ ሲቆም እነሱም ይጠፋሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ጀርም ሲመጣ ሴሉ እንደገና መነሳት የሚችለው ለዚህ ነው።

ለምን አንጀት ላይ?

አንጀታችንን ከውስጥ የሸፈነው አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው። ከወዲህ ምግብና በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ከወዲያ ደም፣ እንዲሁም እጅግ የበዙ የመከላከያ ሴሎች አሉ። ይህ ስስ ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያረጀውን ጥሎ በአዲስ ይተካል። ለዚያ ደግሞ የኢንተርሉኪን-22 እና የኢንተርሉኪን-6 ትእዛዝ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ እዚህ ቦታ ላይ መከላከያው ላገኘው ባክቴሪያ ሁሉ ቢነሳ ምን ይፈጠራል? ከቁርስ እስከ እራት ጦርነት ነው። ጤነኛ አንጀት ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የሚያልፍ አንጀት ነው። ይህ ድካም አይደለም፤ በፕሮቲን የሚጠበቅ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በአይጥ ላይ በግልጽ ታይቷል። ሶክስ1 እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ጉበታቸው ይበላሻል፣ የመከላከያ ሴሎች የውስጥ አካሎቻቸውን ይወርራሉ። ኢንተርፌሮን ጋማም አብሮ ሲጠፋ ግን ያንን ዕድሜ ያልፋሉ። ስለዚህ ሲገድላቸው የነበረው የሚያቆመው ያጣ የራሳቸው መልእክት ነው።

በሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2020 የታተሙ ጥናቶች ከሁለቱ የሶክስ1 ጂን ቅጂዎች አንዱ የተበላሸባቸውን ቤተሰቦች ገለጹ። ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው መከላከያቸው የገዛ አካላቸውን ያጠቃባቸው ነበሩ። ያው ጉድለት ኖሮባቸው ያልታመሙ ዘመዶችም ተገኝተዋል። ጂኑ አደጋውን ያመጣል እንጂ ብቻውን ሁሉን አይወስንም።

ፍሬን ሲበዛስ?

«እንግዲያው መከላከያን እንግታው» የሚል ሰው ይኖራል። እሱም ቢሆን ልክ አይመጣም። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባለውን በሽታ እንውሰድ። የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ለዓመታት የሚቆስልበት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣ በሽታ ነው። በሽታው በተነሳባቸው ሰዎች አንጀት ሶክስ3 ከወትሮው በዝቶ ይገኛል። ይህን እንዴት እንረዳው? ተመራማሪዎች ሁለት አመለካከት አላቸው።

አንደኛው ወገን ፍሬኑ የበዛው ብግነቱ ስለበዛ ነው ይላል። እሳቱ ባይኖር ኖሮ አይመጣም ነበር፤ ስለዚህ ሶክስ3 ለማዳን የሚታገል ነው። ሁለተኛው ወገን ሶክስ3 የጥገናውንም ትእዛዝ ያግዳል ይላል። የአንጀት ሽፋን የሚታደሰው በስታት3 በኩል በሚመጣ መልእክት ነው፤ ሶክስ3 ሲበዛ ቁስሉ ቶሎ አይደፈንም።

ሁለቱም መረጃ አላቸው። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ነገር ሴሉ የት ነው የሚለው ነው። ማክሮፋጅ በሚባሉት ጀርም ዋጭ ሴሎች ውስጥ ሶክስ3 የኢንተርሉኪን-6ን መልእክት ያቆማል፤ የኢንተርሉኪን-10ን ግን አይነካም። ሁለቱም የሚጠቀሙት ያንኑ ስታት3ን ነው። ሶክስ3 ከእነዚህ ሴሎች ሲወጣ ኢንተርሉኪን-6 እንደ ኢንተርሉኪን-10 አረጋጊ ይሆናል። በአንጀት ሽፋን ሴሎች ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። እዚያ ሶክስ3 የተወሰደባቸው አይጦች ሽፋናቸው በብዛት ይራባል፤ ብግነት ሲጨመርበት ዕጢም ይበዛባቸዋል። ጨጓራም ከዚህ አይርቅም። ሶክስ3 የሚያርፍበት የተቀባይ ቦታ በአንዲት ነጥብ ብቻ የተለወጠባቸው አይጦች የጨጓራ ዕጢ ያወጣሉ።

ያው ፕሮቲን በአንዱ ሴል ውስጥ ጠቃሚ፣ በሌላው ጎጂ ሊሆን ይችላል። «ጨምረው» ወይም «ቀንሰው» የሚል ምክር እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል።

ሐረማያ ላይ የታየው

እስካሁን ያለው የላቦራቶሪ ወሬ ከመሰለ፣ ከሐረር ብዙ ሳንርቅ የተደረገ ጥናት እንይ። ሐረማያ ወረዳ ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ የሞላቸው ሕፃናት ተመርምረው ነበር። ግማሽ ያህሉ ሰገራ ውስጥ ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ግማሽ ያህሉ ላይ ደግሞ የአንጀት ሽፋን ችግር ምልክት ታየ። ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰው ከአሥሩ አራት ገደማ ነበሩ።

ካምፒሎባክተር በዶሮና በከብት አንጀት የሚኖር ነው። በገጠሩ ቤት ዶሮዎቹ ቀን ግቢ ሲጭሩ ይውሉና ማታ ከአውሬ ለማዳን ወደ ቤት ይገባሉ። ሕፃኑ የሚድኸው በዚያው መሬት ላይ ነው። ያነሳውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ተቅማጥ ላይኖረው ይችላል። አንጀቱ ግን ቀን ከሌት «ተነሱ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሽፋኑ ይሳሳል፣ ምግብ በደንብ አይመጠጥም። ሐኪሞች ይህን ከአካባቢ ንጽሕና ጉድለት የሚመጣ የአንጀት መታወክ ይሉታል።

የሶክስ ነገር እዚህ ላይ በጣም ያሳስበኛል። የእድገት ሆርሞንም መልእክቱን የሚያስተላልፈው በዚያው በጃክና በስታት መንገድ ነው። ፍሬኑም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ አለ። ሶክስ2 የሌላቸው አይጦች ከጤነኞቹ ከ30 እስከ 40 በመቶ ከብደው ያድጋሉ፤ ይህ በ2000 ነው የታተመው። በተቃራኒው ብግነት ሲቆይ ጉበት ውስጥ ሶክስ3 ይጨምራል፤ ያኔ ጉበቱ የእድገት ሆርሞንን ትእዛዝ በደንብ አይሰማም። ይህም በእንስሳት ላይ የታየ ነው። ሰውነት በጦርነት ጊዜ እድገትን ወደ ጎን ያደርጋል ማለት ነው። ለሳምንት ከሆነ ምንም አይደል። ለሁለት ዓመት ከሆነ ግን ልጁ ቁመቱን ያጣል።

እንዲህ ላለ ሕፃን «መከላከያውን አጠንክሩለት» ማለት ችግሩን ተገልብጦ ማየት ነው። መከላከያው ከልክ በላይ ሥራ በዝቶበታል። የሚቀነሰው ምክንያቱ ነው፤ የዶሮው ኩስ፣ ያልፈላው ወተት፣ ያልተጣራው ውኃ። ድሬዳዋ ውስጥ ጥሬ የግመል ወተት ለሆድ ፈውስ ነው የሚል እምነት አለ። ወተቱ ምግብነቱ አያጠያይቅም። ሳይፈላ ለሕፃን መስጠት ግን ካምፒሎባክተርን ወይም ብሩሴላ የሚባለውን ባክቴሪያ አብሮ መስጠት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ባንግላዴሽ፣ ኬንያና ዚምባብዌ ውስጥ የተደረጉና በ2018 ገደማ ውጤታቸው የታወቀ ትልልቅ ሙከራዎች ነበሩ። መጸዳጃ፣ እጅ መታጠቢያና ውኃ ማከሚያ ተሰጠ፤ የልጆቹ ቁመት ግን በዚህ ብቻ አልጨመረም። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ንጽሕና አይጠቅምም አሉ። ሌሎች የተሰጠው ነገር ትንሽ ስለነበር ጀርሙን በበቂ አልቀነሰም ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። አብዛኞቹ ሙከራዎች ዶሮውን ከሕፃኑ አልለዩም ነበርና።

ጨጓራ፣ አሜባ እና ጉበት

ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን ከሚመረመረው ሰው ግማሽ አካባቢ ላይ ይገኛል። መከላከያችን እሱን ሳያየው ቀርቶ አይደለም። አይቶታል፣ ለዓመታትም ይዋጋዋል፣ ግን አያስወጣውም። ጨጓራውን የሚያቆስለውም አንዱ ይኸው የማያልቅ ውጊያ ነው። ስለዚህ ለኤች ፓይሎሪ መከላከያ ማጠንከሪያ መግዛት ነገሩን አያስተካክለውም። የሚያስፈልገው ቢያንስ ሁለት ፀረ ባክቴሪያና እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ደግሞ በኛ አገር የመጀመሪያው ቃል «አሜባ» ነው። ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን መሆኑ እውነት ነው። የአሜባ መድኃኒት ሁለት ሦስት ጊዜ ተወስዶ ደሙ ካልቆመ ግን ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ከመዋጥ በኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በሚያሳይ ካሜራ) መታየት ይሻላል። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚገኘው እንዲህ ነው። ክሮንስ የሚባለው ሌላው የአንጀት ብግነት ደግሞ ከአንጀት ቲቢ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ክሮንስን የሚያሽለው መድኃኒት ቲቢን ስለሚያባብስ መለየቱ የግድ ነው።

ጉበት ላይ ሐረር የራሷ ታሪክ አላት። በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አደጋው በተቃመው ልክ ይጨምራል። ጥናቱ የሶክስን ነገር አልመረመረም። አንዳንዶች ጥፋቱን በጫቱ ላይ ለሚረጨው ፀረ ተባይ ይሰጣሉ፤ ይህም መጠናት ያለበት ክርክር ነው። በሌሎች አገሮች በቃሚዎች ላይ የታየው ጉዳት ግን መከላከያ ጉበትን ሲያጠቃ ከሚታየው ጋር የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ። ይህን ያወቀ ቃሚ «ለጉበት» ተብሎ የሚሸጥለትን መከላከያ ማጠንከሪያ ሁለቴ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ማጠንከሪያ የሚያስፈልገው ሰው የለም?

አለ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መከላከያው በእውነት ይደክማል፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅም እንዲሁ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው የጎደለውን ለመሙላት ነው። የጎደለን መሙላት ግን ያልጎደለውን ከመጨመር ይለያል። ማርና ጥቁር አዝሙድም በቤታችን ያሉ ምግቦች ናቸው፤ የሚያስፈራኝ በእነሱ ተማምኖ ምርመራ ማዘግየቱ ነው።

ፍሬን በክኒን

ፋርማሲ ውስጥ ያሉት መድኃኒቶች ሶክስ ራሱ አይደሉም፤ ሥራውን በሌላ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት ሆርሞን መሰል መድኃኒቶች ብግነትን በጅምላ ይይዛሉ። ርካሽ ናቸው፣ ነፍስም ያድናሉ። ያለ ሐኪም ሲወሰዱ ግን አደገኛ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም ራሱ ያዝላል፣ ራስንም ያስታል፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቷልና። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው የአንጀት ትል ያለበት ሰው ከወሰዳቸው ደግሞ ትሉ በመላ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል።

ከ1998 ጀምሮ ቲኤንኤፍን የሚያስሩ መርፌዎች ለክሮንስ መጡ። በ2018 ደግሞ ጃክን የሚያግደው ቶፋሲቲኒብ የተባለ ክኒን በአሜሪካ ለአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ተፈቀደ። ሶክስ1 ከሚሠራው ጋር በጣም የሚቀራረበው ይህ ነው። ልዩነቱ ሶክስ1 የሚመጣው መልእክት ሲበዛ ብቻ መሆኑ ነው። ክኒኑ ግን ሌትና ቀን፣ በየሴሉ ሁሉ አለ። በ2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ ወገን መድኃኒቶች ላይ የልብ ሕመም፣ የደም መርጋትና የካንሰር ማስጠንቀቂያ አጠናከረ። ቲቢንም ያስነሳሉ። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት የቲቢ ምርመራ ሲጠይቅ ታማሚው ለወጪ ብሎ አይዝለለው።

ሶክስን አስመስለው የተሠሩ አጫጭር ፕሮቲኖች በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ይሞከራሉ። ለሆድ በሽታ ተፈቅዶ የሚሸጥ የለም። ነገ ቴሌግራም ላይ «ሳይቶካይን የሚያመጣጥን ፕሮቲን» የሚል ዱቄት ቢመጣ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። የዋጥነው ፕሮቲን ጨጓራና አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ እንደ ሥጋና ባቄላ ይሆናል። ሶክስ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው እያንዳንዱ ሴል ውስጥ፣ እዚያው ተሠርቶ ነው።